ከግንባሯ እኩል የሆነው ፈረስ

ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እንደዚያን ቀን ጠዋት ደስ ብሎት ከአልጋው የወረደ አናጺ የለም። ፊቱን ሲታጠብ አፏጨ፤ ሸሚዙን ሲቆልፍ አፏጨ፤ ወደ ሥራ ሲሄድ ፉጨቱ ቀድሞት ደርሶ የፓርኩን በር አስከፈተለት ቢባል ብዙም አልተዋሸም። ሌላው ሰው ስልክ በሚያንጠለጥልበት ወገቡ ላይ ሜትሩ ተንጠልጥላለች። ሠራተኛው ሁሉ ሚሊሜትር የሚለው በእሷ ምክንያት ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ አንድም ሰው የለም። ይህ ሰው በር ከገጠመ በበሩና በመቃኑ መካከል ነፋስ የሚያልፈው ፈቃድ ጠይቆ ነው። ሣጥን ሠርቶ ሲዘጋው ውስጥ የቀረች ትንኝ ካለች ዕጣ ፈንታዋን መቀበል ብቻ ነው ያላት።

እንዲህ ያለ ሰው በአርባ ሰባት ሳንቲሜትር ይሳሳታል ብሎ ማን ያስባል? ተሳሳተ። ለዚያውም በፍቅር የተነሳ። ታሪኩን ከመሀል ለጀመራችሁ ሰዎች ስንል ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

ፓርኩ አሥራ አንድ ዓመት ተዘግቶ ነበር። ሸርተቴው ዝጎ፣ የእንጨት ፈረሶች የሚዞሩበት ሽክርክሪት መዞር ትቶ፣ ትንሿን ባቡር ሣር ውጧት፣ የሚያጣምመው መስታወት አቧራ ለብሶ፣ የሚያጣምመው ሰው አጥቶ ቆሟል። ታዲያ የመሥራቹ ልጅ፣ አሁን ስድሳ ሰባት ዓመት የሞላቸው ባለቤት፣ አንድ ቀን ተነሥተው "እከፍተዋለሁ" አሉ። እኚህን ሰው ሠራተኛው ከጀርባቸው ጉምሩክ ይላቸዋል፤ ዓይናቸው ሳይፈትሽ የሚያሳልፈው ነገር ስለሌለ። ሐሳቡ ግን የሴት ልጃቸው ነው። ሥራ አስኪያጇ እሷ ናት። "ለልጆች ብቻ አይደለም የምንከፍተው፤ ልጅ ለነበሩትም ጭምር ነው" አለችና በር ላይ የደብዳቤ ሣጥን አስተከለች። "ከዚህ ፓርክ ምን ያስታውሳሉ? ይጻፉልን። እንደነበረ አድርገን እንጠብቅዎታለን" የሚል ተጻፈበት።

ሕዝቡ ጻፈ። ጻፈ ብቻ? ከተማው ውስጥ ፖስታ ጠፋ! አንዱ የባቡሯ ፊሽካ የአባቱን ሳቅ ይመስል እንደነበር ጻፈ። አንዷ ከሸርተቴው ስትወርድ ቀሚሷ ተቀድዶ እናቷ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ እንደሰፋችላት ጻፈች። አንድ ሰውዬ ደግሞ በአምስት ዓመቱ የጠፋበትን ጫማ ጠየቀ፤ የግራውን፣ ቁጥር ሃያ ስምንት፣ ማሰሪያው ቀይ የሆነውን።

ደብዳቤዎቹን የሚያከፋፍሉት እትዬ ትኬት ናቸው። እሳቸው የሚሊሜትር አክስትና አሳዳጊ፣ ደግሞም ሠላሳ ዓመት በዚያች በትኬት መስኮት ውስጥ የተቀመጡ ሴት ናቸው። የባቡሩን ለባቡር ጠጋኙ፣ የፈረሶቹን ለአናጺው ይሰጣሉ፤ ሠራተኛው መልስ ካለው ጽፎ፣ አጥፎ በመስኮቱ አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ ይሰካል፤ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው መጥቶ ይወስዳል።

ለሚሊሜትር ከደረሱት ደብዳቤዎች አንዷ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈች ነበረች።

"ለፈረሶቹ ጌታ። አሥራ አንዱን ፈረስ እንደምታድሱ ሰምቻለሁ። ሰባተኛውንስ? ጣሪያ ወድቆበት ተሰባበረ ይባላል። ሰባተኛው ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ኮርቻው ከግንባሬ እኩል ነበር። ግራጫ ነው፤ ጋማው ወደ አንድ በኩል የተጋደመ፣ አንድ ጆሮው የተሸረፈ። እላዩ ላይ ስሆን የዓለም ጫፍ ይታየኝ ነበር። እሱን ካልመለሳችሁት የቀረውን ሁሉ ብትከፍቱት ለእኔ ዝግ ነው። የሰባተኛው ፈረስ ልጅ።"

ሚሊሜትር መለሰ። እሷም መለሰች። በሦስተኛው ደብዳቤ "እርስዎ" ቀረ። በሰባተኛው፣ የፈረስ ጋማ ሲቀርጽ ምን እንደሚያስብ ጠየቀችው፤ እሱም "የምታነበው ሴት ፀጉሯን ወደየት በኩል እንደምታደርግ" ብሎ ጽፎ፣ ሰክቶ፣ ነቅሎ፣ ቀድዶ፣ እንደገና ጽፎ ሰካ። አራት ወር፣ አሥራ ስምንት ደብዳቤ። ሰላም የነበረው ልቡ በአሥራ ስምንቱ ደብዳቤ ተላጠ፣ ተላገ፣ ቫርኒሽ ተቀባ።

ስሕተቱ የተፈጠረው በአሥራ አንደኛው ላይ ነው። የሰባተኛው ፈረስ ፎቶ የለም፣ ንድፍ የለም፤ ያለው "ከግንባሬ እኩል" የሚል ቃል ብቻ ነው። ሚሊሜትርም እንደ ሙያው ጠየቀ፦ "ለሥራ ነው፤ ቁመትሽ ስንት ነው?"

መልሱ በማግስቱ ደረሰው። "ለሥራ ነው ይላል እንዴ! እሺ፣ ለሥራ ከሆነ አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት፣ ያለ ጫማ። ልብ በል፤ ላገኘሁት ሁሉ የምነግረው ነገር አይደለም።"

ወረቀቱን አሥራ አንድ ጊዜ ሳመው። ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ አሰላ። ከአናት እስከ ግንባር አሥራ ሦስት ሳንቲሜትር ሲቀነስ፣ ኮርቻው አንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት። ሌላ አናጺ ቢሆን እዚህ ጋ ቆም ብሎ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ሚሊሜትር ግን፣ የሰባተኛው ፈረስ ልጅ "ከሁሉም ይበልጥ ነበር" ካለች ይበልጥ ነበር፤ አለቀ። የወርክሾፑን በር ቆልፎ ጀመረ።

በዚያ ባፏጨበት ቀን ንጋት ላይ ስምንት ሰው በሰንሰለት እየጎተተ ፈረሱን በሽክርክሪቱ መድረክ ላይ አቆመው፤ ሸራ ለበሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብዳቤ የጻፉ እንግዶች ይገባሉ። እሷም ከእነሱ መሀል ትኖራለች።

"እትዬ፣ መልኳን ያውቁታል አይደል? ደብዳቤዋን ከሰሌዳው ላይ ስትወስድ አይተዋታል።"

እትዬ ትኬት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። "እኔ የምቆርጠው ትኬት ነው፤ የሰው ምስጢር አልቆርጥም።"

"ረጅም ናት?"

"አንተ ለክተሃት የለ እንዴ! ይልቅ ሸሚዝህን አስተካክል፤ ቁልፉ ዘሏል። ሚሊሜትር ተብለህ!"

ሸሚዙን እንደገና ቆለፈ። አሁንም አንድ ቁልፍ ዘለለ፤ ከደስታ።

*

አራት ሰዓት ላይ ባለቤቱ ለመጨረሻ ፍተሻ መጡ። ሥራ አስኪያጇ ማስታወሻ ደብተሯን ታቅፋ ከጎናቸው ነበረች። ይህችን ሴት ሚሊሜትር በሥራ ምክንያት ብዙ ጊዜ አግኝቷታል። ሁልጊዜ "እርስዎ"፣ ሁልጊዜ "እሺ"፣ ሁልጊዜ በመካከላቸው ሁለት ሜትር። ዓይኖቿን ግን ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም፤ የባለቤት ልጅ ዓይን የሚታይ ነገር አይመስለውም ነበር።

"ግለጠው" አሉ ባለቤቱ።

ሸራው ወደቀ።

እንዲያው ለመናገር ያህል ነው እንጂ ያን ፈረስ የሚገልጽ ቃል ገና አልተፈለሰፈም። ሌሎቹ አሥራ አንዱ በእሱ ሥር እንደ ጫጩት ተሰብስበው የቆሙ መሰሉ። ግራጫው ደረቱ እንደ ደመና ወጥቷል፤ ጋማው ወደ አንድ በኩል ተጋድሟል፤ የተሸረፈው ጆሮ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ዞሩት። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ሰባተኛው ፈረስ ነው፣ ጋሼ።"

"ሰባተኛው ነው ወይስ የሰባቱም አባት?"

ሚሊሜትር ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት ያጠፋችው። ሥራ አስኪያጇ ፈረሱን አየች፤ ከዚያ ፈገግታውን አየች። ፊቷ መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀላ።

"ማን እንዲህ ይሥሩ አለዎት?"

"አንዲት ሴት ጽፋልኝ ነው። በሰጠችኝ ልክ ነው የሠራሁት፤ አንድ ሚሊሜትር አልጨመርኩም።"

"በሰጠችዎ ልክ።" ድምፅዋ ቀጠነ። "ሰው ልጅነቱን አምኖ ሲያወራዎት እንዲህ ነው የሚያደርጉት? አጋነነች ብለው፣ ግንብ የሚያህል ፈረስ ሠርተው፣ ሕዝብ ፊት አቁመው ሊስቁባት?"

"እኔ? ኧረ በፈጣሪ! ምኑ ላይ ነው የሳቅኩት?"

"ይኸው አሁን እንኳ እየሳቁ ነው።"

እውነቷን ነው፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ፣ እንዴት እንደሚወርድ ጠፍቶት ነበር። እሷ ደብተሯን ከፍታ በችኮላ ጻፈች፤ ገጹን ገንጥላ እጁ ላይ አስቀመጠችና ተረከዟ መሬቱን እየቀጠቀጠ ሄደች። ባለቤቱም ልጃቸውን፣ ፈረሱን፣ አናጺውን በየተራ ፈትሸው፣ አንዱም ሳይገባቸው ተከተሏት።

ሚሊሜትር ወረቀቱን አየ። "ሰባተኛው ፈረስ ይውረድ። እስኪወርድ ይሸፈን።"

ሰማያዊ ቀለም። "ሰ" ፊደሏ እግሮቿን እንደከፈተች ውርንጭላ ቆማለች። በዓለም ላይ "ሰ"ን እንዲህ የምትጽፍ አንድ ሴት ብቻ ናት፤ አሥራ ስምንት ጊዜ በትራሱ ሥር አስተኝቷታል።

አራት ወር ሙሉ የጠበቃትን ሴት አገኛት። ባገኛት ደቂቃም አጣት።

*

"ያውቁ ነበር!" አለ፣ ፈረሱን መልሶ ሸፍኖ መጥቶ፣ የትኬት መስኮቱን ዘንግ ይዞ።

"ማወቅስ አውቃለሁ" አሉ እትዬ ትኬት። "በገዛ ፓርኳ ግራ ቀኝ እያየች፣ እንደ ሌባ አንገቷን ቀብራ ነበር ሣጥኑ ውስጥ የምትጥለው። አንድ ቀን እንዲያውም ደብዳቤህን ስታነብ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተጋጭታ 'ይቅርታ' ብላዋለች፤ ምሰሶውን!"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርህ ትጽፍላት ነበር?"

አይጽፍም ነበር። ለባለቤቱ ልጅ "ፀጉርሽን ወደየት በኩል ነው የምታደርጊው" ብሎ የሚጽፍ አናጺ ገና አልተወለደም።

"እንግዶቹ እስኪሄዱ እጠብቃለሁ" አለ። "ፈረሱን አወርዳለሁ፤ መሣሪያዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ። እሷ የባለቤት ልጅ ናት እትዬ፤ እኔ የመስኮት ልጅ ነኝ። እሱ ይቅር። አላገጠብኝ ብላ እያሰበች መለየቱ ነው እንጂ... ምኑ ላይ ነው ያላገጥኩት? ልኩ ልክ ነው! ሦስቴ ለክቼዋለሁ!"

"እሱን ለእሷ ንገራት።"

"ምን ብዬ?"

እትዬ ትኬት እጃቸውን በመስኮቱ ቀዳዳ አውጥተው ጉንጩን መታ መታ አደረጉት። "ልጄ፣ እንጨት የሚፈራህን ያህል አንተ ሴት ትፈራለህ።"

ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድሳ ሰው ተጠርቶ ሦስት መቶ መጣ። ራሰ በራ፣ ሽበታም፣ ምርኩዝ የያዘ፣ ልጁን ያስከተለ፣ ከልጁ በላይ የሚቁነጠነጥ። በሩ ሲከፈት ሮጡ፤ ጉልበቱን የሚያመው ሳይቀር ሮጠ። ውስጥ ሲደርሱ ግን አንድ በአንድ ቆሙ። ፊታቸው ላይ በርቶ የነበረው ነገር ደበዘዘ።

"ይሄ ነው እንዴ ያ ተራራ የሚያህለው ሸርተቴ?"

"ባቡሯ እግሬን እንኳ አላስገባ አለች።"

"እኔ ከእናቴ የጠፋሁት እዚህ ጋ ነው እኮ! እዚህች ላይ ሰው ይጠፋል? ከዚህ እስከዚያ ስድስት እርምጃ ነው!"

ማንም ክፉ አልተናገረም። ግን ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ምን እንደሚመስል የሰማ ያውቀዋል። ባለቤቱ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመዋል፤ ሥራ አስኪያጇ የእንግዶች ዝርዝር የያዘውን ወረቀት ሳታውቀው እያጣጠፈች ትንሽ፣ እጅግ ትንሽ አድርጋዋለች።

ከሽክርክሪቱ በኩል ጩኸት ተሰማ። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ወፍራም፣ ግርማቸው የሚያስፈራ ሴትዮ። ከስድስተኛው ፈረስ ጎን ቆመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገዋል።

"አሳጥራችሁታል!"

ፈረሱ የሙያው ጉዳይ ነውና ሚሊሜትር ቀረበ። "እመቤቴ፣ አልተነካም። ኮርቻው ሰማንያ ስድስት ሳንቲሜትር ነው፤ ድሮም ሰማንያ ስድስት ነው።" ሜትሩን ዘረጋ። "ይኸው ይዩት።"

"ሜትሩ ሐሰተኛ ምስክር ነው!" አሉ ዳኛዋ። "እኔን አባቴ በብብቴ ይዞ፣ ሁለት ጊዜ 'እሰይ' ብሎ ነበር እላዩ ላይ የሚያወጣኝ። ይሄንን ግን እኔ ራሴ ልሸከመው እችላለሁ!"

"ያን ጊዜ ቁመትዎ ስንት ነበር?"

"እኔ ምን አውቄ? ልጅ ነበርኩ!"

ሜትሩ ከሚሊሜትር እጅ አምልጣ ጥርቅ ብላ ተጠቀለለች።

ልጅ ነበሩ። ግንባሯም የልጅ ግንባር ነበር። እሱ ሞኙ፣ ሦስቴ የለካው ሞኝ፣ የትናንትናዋን ልጅ ፈረስ ለዛሬዋ ሴት ቁመት ሠራው። እሷም ቁመቷን የነገረችው... ለሥራ ብላ አልነበረም! ደሙ ሁሉ ወደ ጆሮው ወጣ። ቀና ሲል፣ ሥራ አስኪያጇ ከአጥሩ ጎን ቆማ እያየችው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኖቿን አየ፤ ደክሟቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን እሱ ራሱ አያምነውም። መድረኩ ላይ ወጣ። ሦስት መቶ ሰው ፊት።

"ሥራ አስኪያጅ!" ድምፁ ተሰነጠቀ። "አላላገጥኩም። ተሳስቼ ነው። ቁመትሽን ስጠይቅሽ የዛሬውን ነገርሽኝ፤ እኔም የዛሬውን ለካሁ። ያኔ ስንት ነበርሽ ማለት አልመጣልኝም። ቂል በይኝ፤ ቂል ነኝ። ግን በአንድም ቃልሽ አልሳቅኩም። የጻፍሽልኝን ሁሉ አምኜ፣ አምኜ በእንጨት ነው የጻፍኩት!"

ከበስተኋላ አንዱ "'አንቺ' አላት እንዴ?" ሲል ተሰማ። ሌላው "ከዚያስ ቁመቷን መጠየቁ!" አለ።

የባለቤቱ ቅንድብ ወደ ላይ ሄዶ አልተመለሰም።

እሷ ወረቀቷን ጣለች። በሕዝቡ መሀል አልፋ መድረኩ ላይ ወጣች፤ ባለተረከዝ ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ የሸራውን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ሳበች።

ሦስት መቶ ሰው በአንድ ላይ "ኦ!" አለ። የከተማው መስኮቶች ረገፉ ማለት ማጋነን ነው፤ ተንቀጠቀጡ ማለት ግን ይቻላል።

በባዶ እግሯ ፈረሱን ተጠጋች። ኮርቻው ከግንባሯ እኩል ነበር። ግንባሯን እንጨቱ ላይ አሳረፈችና ትከሻዋ መርገፍገፍ ጀመረ። ሚሊሜትር "አለቀሰች" ብሎ ልቡ ሊቆም ሲል ቀና አለች፤ እየሳቀች ነበር፤ እንባዋ ግን እውነተኛ እንባ ነው።

"ይሄ ነው" አለች። "እንዲህ ነበር። ልክ እንዲህ!"

"ዞር በይ፣ ልጄ" አሉ ዳኛዋ። መጥተው ቆሙ። አንገታቸውን ወደ ላይ አቀኑ። ወፍራሙ ፊታቸው በአንድ ጊዜ ስድሳ ዓመት ጣለ። "ይኸዋ! ይኸው የእኔ ፈረስ! አሁን የታለ 'እሰይ' ብሎ የሚያነሳኝ?"

ከዚያ ሰልፍ ሆነ። ሁሉም ከጎኑ ልቁም አለ። ከአናታቸው በላይ ፈረስ ሲያዩ እጃቸው ሳይታዘዝ ወደ ላይ ይነሣል፤ የሌለውን የአባት፣ የእናት እጅ ይፈልጋል።

"ሕዝቡ ገለል ይበል" አሉ ባለቤቱ፤ ኮታቸውን ቆለፉ። "መሰላል አምጡ። ለፍተሻ ነው።"

ለፍተሻ ወጡ። ለፍተሻ ኮርቻው ላይ ተቀመጡ። ሽክርክሪቱ ተንቀሳቀሰ። በአንደኛው ዙር ፊታቸው እንደ ማኅተም ነበር። በሁለተኛው አንድ እጃቸውን ለቀቁ። በሦስተኛው፣ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ፣ የስድሳ ሰባት ዓመቱ ሰው ባዶ ወደሆነ ቦታ ዞረው ጮኹ፦

"እማዬ፣ እይኝ! እይኝማ!"

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ዳኛዋ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ጭብጨባውም እንደ ዝናብ ወረደ።

በዚያ ጫጫታ መሀል እሷ ወደ ሚሊሜትር ዞረች። ሁለት ሜትሩ የት እንደገባ አይታወቅም፤ ትከሻዋ ትከሻውን ነክቷል።

"አንድ ነገር አልገባኝም" አለች። "ሰው ሁሉ ድሮ ፈረሱ ትልቅ የነበረው እኛ ትንሽ ስለነበርን መሆኑ አይጠፋውም። አንተ እንዴት ጠፋህ? እዚሁ አይደል ያደግከው?"

"እዚሁ ነው።"

"ታዲያ?"

መሬት መሬት አየ። "ወጥቼበት አላውቅም። የሠራተኛ ልጅ መጫወቻ ላይ አይወጣም ነበር። ደንብ ነው። ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ የወጣውን ሰው እቆጥር ነበር። ለእኔ ፈረስ ከሩቅ የሚታይ ነገር ነው፤ ከሩቅ ደግሞ ሁሉም ትንሽ ነው። አንቺ 'ትልቅ ነው' ስትዪ የማመሳክርበት የራሴ የለኝም። አመንኩሽ፤ በቃ።"

እጇ እጁን ፈለገና አገኘው። ከኋላቸው ከባድ ትንፋሽ ተሰማ። ባለቤቱ ከመሰላሉ ወርደው ቆመዋል፤ ሰምተዋል።

"ደንቡን ያወጣው አባቴ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "እኔም እያየሁ ዝም አልኩ።" ወደ ዳኛዋ ዞሩ። "እመቤት ዳኛ፣ እንዲህ ላለ ጥፋት ምን ይፈረዳል?"

ዳኛዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ይውጣ። ፍርዱ ወዲያውኑ ይፈጸም።"

ሚሊሜትር ወጣ። በገዛ እጁ የሠራውን፣ እያንዳንዷን ብሎን በስሟ የሚያውቃትን ፈረስ ተቀምጦበት አንገቱን አቀፈው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። እሷ በባዶ እግሯ መድረኩ ላይ ከጎኑ ቆማ፣ አንድ ክንዷን ዘርግታ ወገቡን ደገፈችው።

"አትፍራ። ይዤሃለሁ።"

"አልፈራሁም" አለ፤ የፈረሱን አንገት ሊያንቀው ምንም አልቀረውም።

ባለቤቱ ራሳቸው ማንቀሳቀሻውን ያዙ። ዓለም መዞር ጀመረች። የትኬት መስኮቱ በሥሩ አለፈ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በሥራ ሰዓት ከመስኮታቸው ወጥተው የማያውቁት እትዬ ትኬት ደጅ ቆመዋል። "ያዝ! አጥብቀህ ያዝ!" እያሉ በመሐረባቸው ያውለበልባሉ፤ ባለፈ ቁጥር ያለቅሳሉ፣ ባለፈ ቁጥር ይስቃሉ። ከእሳቸው በላይ ዛፎቹ፣ ከዛፎቹ በላይ ጣሪያዎቹ፣ ከጣሪያዎቹ በላይ...

"የዓለም ጫፍ ይታይሃል?" አለች ከሥሩ።

"ይታየኛል።" ትንፋሹ ተቆራረጠ። "ለምን ደበቅሽኝ?"

"ሥራ አስኪያጇን ሁሉም 'እሺ' ነው የሚላት። እስቲ አንድ ሰው ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ ይመልስልኝ ብዬ።"

"እኔም እሺ አልኩሽ።"

"በአርባ ሰባት ሳንቲሜትር ትርፍ! ያኔ ቁመቴ አንድ ሜትር ከሃያ አንድ ነበር።" ሳቋ ከፈረሱ ጋር ዞረ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ነገስ ትጽፍልኛለህ?"

"አልጽፍልሽም።"

ክንዷ ወገቡ ላይ ደነገጠ።

"ነገ" አለ፣ የፈረሱን አንገት በአንድ እጁ ለቆ፣ በዚያችው እጁ ጉንጯን እየነካ፣ "ነገ እንደዚህ አጠገቤ እንድትቆሚ ነው የምፈልገው። ከነገ ወዲያም። እወድሻለሁ። ይሄንን በወረቀት ስጽፍ ስቀድድ አራት ወሬ ነው።"

መልሷን ማንም አልሰማም። እሷ በእግሯ ጣቶች ቆማ አገጯን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች፤ ለሚሊሜትር ከዚህ የበለጠ መልስ አልተጻፈም።

የአንድ ሰው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። ባለቤቱ ሰዓታቸውን አዩ፤ ሞልቷል። ሰልፉን አዩ። ከዚያ በአናጺው ወገብ ላይ የተጠመጠመውን የልጃቸውን ክንድ አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈቱ፤ ኪሳቸው ከተቱ፤ ማንቀሳቀሻውን ሳይነኩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

ግራጫው ፈረስ አሁንም ዞረ። እላዩ ላይ አንድ ትልቅ ሰው አፉን ከፍቶ፣ ነፋስ እየጠጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅ ሆኖ ይስቃል።